ችግኝ ብቻውን አይጸድቅም

ክረምት በገባ ቁጥር በኮልፌ ቀራኒዮም ሆነ በሌሎቹ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አካፋና ችግኝ ይዞ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ ዘመቻው የየዓመቱ ልማድ ሆኗል። አብሮት የሚነሳው ጥያቄም ያው ነው፤ ከተተከለው ውስጥ ስንቱ ጸደቀ?

ለችግኝ መድረቅ ዘወትር የሚጠቀሱት ምክንያቶች የውኃ እጥረት፣ ልቅ ግጦሽና የእንክብካቤ ጉድለት ናቸው። እውነት ነው። ሆኖም እምብዛም የማይነገርለት ሌላ ምክንያት ከመሬት በታች አለ። እሱም ከዛፉ ሥር ጋር ተጋግዞ የሚኖረው ፈንገስ መጥፋቱ ነው።

ለመሆኑ ፈንገስ ለዛፍ ምን ይሠራል? ፈንገስ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ሻጋታን፣ የስንዴ ዋግንና ጭርትን ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ግን እ.ኤ.አ. በ1885 ለዛፍ ሥርና ለፈንገስ ጥምረት “ማይኮራይዛ” የሚል ስም ሰጠው። ትርጉሙ “የፈንገስ ሥር” ማለት ነው። ከሥር ፀጉር የቀጠኑት የፈንገሱ ክሮች ሥሩ ሊደርስበት በማይችለው የአፈር ቀዳዳ ገብተው ውኃና ማዕድን፣ በተለይም ፎስፈረስ ያመጣሉ። ዛፉም በምላሹ በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ያካፍላቸዋል። የደጋው ቀይ አፈር ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ይህ ሽርክና ለእኛ አገር ዛፎች ትልቅ ትርጉም አለው።

ፈንገሶቹ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ፓይን ሥሩን ከውጭ በሚሸፍኑ፣ እንጉዳይ በሚያበቅሉ ፈንገሶች ይረዳል። በፖርቶ ሪኮ የተተከለ ፓይን በተደጋጋሚ ሲቀጭጭ ቆይቶ የጸደቀው በ1950ዎቹ ፈንገሱ ያለበት አፈር ከውጭ ከመጣለት በኋላ ነበር። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ቡናና የጎማ ዛፍ ደግሞ የሚረዱት ሥር ውስጥ ገብተው በሚኖሩ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ በማይለዩ ፈንገሶች ነው። ባሕር ዛፍ ሁለቱንም ይቀበላል።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቻቸው በደረቅ የደጋ ደኖቻችን ባደረጉት ጥናት የነባር ዛፎችን ሥር መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሥራቸው ያሳየው ነገር አስገራሚ ነው። በአንድ ደን ጎን ለጎን የሚኖሩት ጽድና ዝግባ በሥራቸው የሚያስጠጉት የፈንገስ ማኅበረሰብ የተለያየ ነው። ስለዚህ አንድ የዛፍ ዝርያ ከአካባቢው ሲጠፋ ከእሱ ጋር ከመሬት በታች የሚጠፋ ነገር ሊኖር ይችላል።

ከኮልፌ ቀራኒዮ ወደ ምዕራብ ስንመለከት የሚታየው የወጨጫ ተራራ የመናገሻ ሱባ ደንን ይዟል። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትዕዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ ይነገራል። ዘሩ ከሩቅ ቢመጣም ያረፈው ደን በለመደ ሕያው አፈር ላይ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ችግኝ የምንተክልበት የከተማ ዳገት ግን ለረጅም ጊዜ የተራቆተ፣ ብዙውን ጊዜም በግንባታ የተቆፈረና ላይኛው አፈር የተጠረገ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ፈንገሱ ይሳሳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የድሮ ችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች በፕላስቲክ ከረጢቱ አፈር ላይ ጥቂት የደን አፈር የሚቀላቅሉት በከንቱ አልነበረም፤ ለችግኙ ስንቅ እያስያዙት ነበር። የጽድ ችግኝ ከሽማግሌ ጽድ ሥር፣ ለምሳሌ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ካለው፣ በፈቃድ የተወሰደ እፍኝ አፈር ቢያገኝ ይጠቅመዋል። በእርግጥ አፈሩ በሽታም ሊያመጣ ስለሚችል ጤነኛ ዛፍ መምረጥ ያሻል፤ ደኑን በጆንያ ማራቆትም ሌላ ጥፋት ነው። ለብዙ ሚሊዮን ችግኝ የሚበቃው ፈንገስ በችግኝ ጣቢያዎች ተባዝቶ መቅረብ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የቆዩትን ዛፎች አለመቁረጥ ይቀድማል። አንድ ያረጀ ጽድ ሲወድቅ የሚታየን ግንዱ ነው። ለመጪዎቹ ችግኞች ያቆየው ውርስ ግን ከመሬት በታች ነው፤ እሱን ደግሞ በአንድ ቀን ዘመቻ መልሶ መትከል አይቻልም።