የቀላል ኤሌክትሮኒክስ ጨዋታዎች አሠራር፤ ከዝግ ዑደት እስከ ትውስታ

መግቢያ

ስለ ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ትምህርት ተማሪው የኦምን ሕግ በቃሉ እንዲያጠና ይደረጋል። ይሁን እንጂ የባትሪ ድንጋይ፣ አምፑልና ጥቂት ሽቦ ቀርቦለት አምፑሉን እንዲያበራ ሲጠየቅ የሚቸገረው ጥቂት አይደለም። ሕጉን አውቆ መንገዱን ያላወቀ ተማሪ፣ በየዕለቱ የሚጠቀምባቸው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ሊመረመሩ የማይችሉ ምሥጢሮች መስለው ይታዩታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መምህሩ በክፍል ውስጥ ሊሠራው በሚችል አንድ ጨዋታ አማካይነት የኤሌክትሮኒክስ መሠረት የሆኑትን ሁለት ሐሳቦች፣ ማለትም ዝግ ዑደትንና ትውስታን፣ ለጀማሪዎች ማስረዳት ነው።

1. ጨዋታውና ዝግ ዑደት

ጨዋታው የእጅን እርጋታ የሚፈትን ነው። ያልተሸፈነ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠማዝዞ በጣውላ ላይ ይተከላል። የሌላ አጭር ሽቦ ጫፍ እንደ ቀለበት ታጥፎ በተተከለው ሽቦ ላይ ይጠለቃል፤ መያዣው በፕላስቲክ ይሸፈናል። ተጫዋቹ ቀለበቱን ሽቦውን ሳያስነካ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ማድረስ ይኖርበታል።

እያንዳንዱ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለሚሰጥ፣ አራቱ ተቀጣጥለው 6 ቮልት ይሆናሉ። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የሚነሣው ገመድ ወደ 6 ቮልት አምፑል፣ ከአምፑሉም ወደ ተጠማዘዘው ሽቦ ይሄዳል። ከቀለበቱ የሚነሣው ገመድ ደግሞ ወደ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ ይመለሳል። ቀለበቱ ሽቦውን ሳይነካ መንገዱ የተቋረጠ ስለሆነ ኮረንቲ አያልፍም። በነካ ጊዜ ግን ዑደቱ ይዘጋል፤ አምፑሉም ይበራል። እዚህ ላይ ተማሪው ሊጨብጠው የሚገባው ቁም ነገር፣ ኮረንቲ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም የሚሻ መሆኑን ነው።

2. ከጨዋታው የሚነሣው ክርክር

ቀለበቱ ሽቦውን ለቅጽበት ብቻ ነክቶ ሲለቅ አምፑሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ተመልካቹ «ነክተሃል» ይላል፤ ተጫዋቹ «አልነካሁም» ብሎ ይከራከራል። መምህሩ ይህን ክርክር እንደ ረብሻ ቆጥሮ ሊያስቆመው አይገባም፤ የሚቀጥለው ትምህርት መነሻ እርሱ ነውና። ዳኛ የሆነው ዑደት ያያል እንጂ አያስታውስም። ታዲያ ዑደት ያለፈውን ነገር ሊያስታውስ የሚችለው እንዴት ነው?

3. የሚያስታውስ ዑደት

መልሱን በዓይን ለማሳየት ሪሌይ የተሰኘው መሣሪያ ይበጃል። ሪሌይ በብረት እምብርት ላይ የተጠመጠመ ጥቅል ሽቦና የሚንቀሳቀስ የብረት ምላስ አለው። ኮረንቲ በጥቅሉ ሲያልፍ እምብርቱ ማግኔት ሆኖ ምላሱን ይስባል፤ ምላሱም በዕረፍት ጊዜ ተለያይተው የሚቆዩትን ሁለት መገናኛዎች ያገጣጥማል።

በአምፑሉ ቦታ የ6 ቮልት ሪሌይ ጥቅል ይገባል፤ አምፑሉ ከጥቅሉ ጎን ለጎን ይያያዛል። ከሁለቱ መገናኛዎች አንዱ ከተጠማዘዘው ሽቦ፣ ሌላው ከቀለበቱ ገመድ ጋር ይገናኛል። ከባትሪው በሚነሣው ገመድ ላይም ማብሪያ ማጥፊያ ይደረጋል። ቀለበቱ ሽቦውን ሲነካ ሪሌዩ ምላሱን ይስባል። ምላሱ የዘጋው መንገድ ለራሱ ለሪሌዩ ኮረንቲ ስለሚያቀርብ፣ ቀለበቱ ቢለቅም አምፑሉ እንደበራ ይቆያል። የሚጠፋው ማብሪያ ማጥፊያው ሲቋረጥ ብቻ ነው። በዚህም ክርክሩ ይቆማል።

4. ከሪሌይ ወደ ትራንዚስተር

ይኸው ሐሳብ የሚንቀሳቀስ ብረት ሳያስፈልገው ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1918 እንግሊዛውያኑ ኤክልስና ጆርዳን በሁለት የቫኩም ቱቦዎች የሚሠራ እንዲህ ያለ ዑደት አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪዎች ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ፣ የቱቦዎቹን ቦታ ሁለት ትራንዚስተሮች ያዙ። ኮረንቲ የሚያሳልፈው ትራንዚስተር ሌላውን ዘግቶ ይይዛል፤ ሌላ ምልክት መጥቶ ቦታ እስኪያለዋውጣቸው ድረስም እንደዚያው ይቆያሉ።

አንድ ጥንድ የሚይዘው ከሁለት መልሶች አንዱን፣ «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው። አራት ጥንዶች በቅደም ተከተል ሲያያዙ ግን ከ0 እስከ 15 ይቆጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው «ፖንግ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ጨዋታ በውስጡ ኮምፒዩተር አልነበረውም። የኳሷን ቦታና የተጫዋቾቹን ነጥብ የሚይዙት ቆጣሪዎች የተገነቡት ከእንዲህ ያሉ ጥንዶች ነበር።

ማጠቃለያ

ተማሪዎች ገመዱን ከማያያዛቸው በፊት የሚሆነውን አስቀድመው እንዲገምቱ ማድረግ ይጠቅማል። የባትሪው ሁለት ጫፎች ያለ አምፑል ወይም ያለ ጥቅል በቀጥታ ከተገናኙ ሽቦው ስለሚግል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ220 ቮልት የቤት መብራት መሞከር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ትምህርቱ መጨበጡ የሚታወቀው ተማሪው ትርጓሜ ሲያነበንብ አይደለም፤ ኮረንቲው የሚሄድበትንና የሚመለስበትን መንገድ በጣቱ እየተከተለ፣ ቀለበቱ ከለቀቀ በኋላ አምፑሉን አብርቶ የሚያቆየው ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ነው።