የተሰለፈ ሠንጠረዥ ከገጽ ወደ ገጽ ሲተላለፉ እንዳይፈርስ

የመስከረም ወር ሲቃረብ፥ በሐዲያ የያሆዴ፥ በከምባታም የመሳላ በዓል ገበያ ሲደራ፥ የሆሳዕና፥ የሾኔ፥ የዱራሜና የሺንሺቾ ነጋዴ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም መደብሩን በዕቃ መሙላትና በዱቤ የወጣውን ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ገንዘቡ ካልተሰበሰበ ዕቃው አይገዛም፤ ዕቃው ካልተገዛም የበዓሉ ገበያ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ወራት የዱቤ መዝገብ ከሌላው መዝገብ ሁሉ ይልቅ ይገለጣል።

በወረቀት መዝገብ የሚሠራ ነጋዴ ማስመሪያውን በደረሰበት መስመር ላይ አስቀምጦ የደንበኛውን ገጽ ሊመለከት ይሄዳል፤ ሲመለስም ማስመሪያው በስፍራው ይጠብቀዋል። መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ስልክ ያዛወረ ነጋዴ ግን ይህን ማስመሪያ ብዙ ጊዜ ያጣዋል። አንድ የጅምላ መደብር 140 ባለዕዳዎች አሉት እንበል። ሒሳብ ያዡ የሠንጠረዡን አናት ተጭኖ ዕዳዎቹን ከቆየው ጀምሮ ያሰልፋል፤ የመጀመሪያውን ስም ከፍቶ ይደውላል፥ የተባለውንም ጽፎ ይመለሳል። ሲመለስ ሠንጠረዡን በፊደል ተራ ተሰልፎ ያገኘዋል። እንደገና ያሰልፋል፥ ሁለተኛውን ይከፍታል፥ ይመለሳል፤ ሠንጠረዡም እንደገና ፈርሷል። ዐሥረኛው ስም ላይ ሲደርስ ይሰለቻል፤ ሳያስተውልም በፊደል ተራው ላይ የመጣለትን መስመር ይከፍታል። እንዲህ ሲሆን ትናንት የተደወለለት ደንበኛ ዛሬም ይደወልለትና ይቀየማል፤ ስምንት ወር የቆየበት ደግሞ ሳይጠየቅ በዓሉን ይውላል።

ይህ የሚሆነው መሣሪያው ስለ ተበላሸ አይደለም። ቲም በርነርስ ሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም የዌብን መሠረት ከ1989 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ሲጥሉ፥ ሐሳባቸው ሰነድን ከስፍራ ወደ ስፍራ ማስተላለፍ ነበር። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው፤ ሰርቨሩ የተጠየቀውን ገጽ ይልካል፥ ጠያቂውንም ወዲያው ይረሳል። ይህ ለሰነድ ንባብ መልካም ነበር፤ ለመደብር ግን አልበቃም። በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ ሉ ሞንቱሊ «ኩኪ» የተባለውን ትንሽ ማስታወሻ የፈለሰፉት፥ በኢንተርኔት የሚገበያይ ደንበኛ በዘንቢሉ ያኖረው ዕቃ ከገጽ ወደ ገጽ ሲያልፍ እንዳይጠፋበት ነው። እንግዲህ ዌብ ማስታወስን እንዲማር ያስገደደው ንግድ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ የአሰላለፉ ነገር የሚቀመጥባቸው ስፍራዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የገጹ አድራሻ ነው። በብራውዘሩ አናት በሚታየው አድራሻ መጨረሻ፥ ከጥያቄ ምልክት ቀጥሎ፥ ሠንጠረዡ በየትኛው ዓምድ እንደ ተሰለፈና ከየትኛው ጫፍ እንደ ጀመረ ይጻፋል፤ በአማርኛ ቢገለጥ «አሰልፍ፦ በዕዳው ቀን፤ ጀምር፦ ከቆየው፤ ገጽ፦ 2» እንደ ማለት ነው። ሠራተኛው ወደዚሁ አድራሻ ሲመለስ ሠንጠረዡ እንደ ነበረ ይቆየዋል፤ ገጹ እንደ አዲስ ቢከፈትም አይፈርስም። ሌላም ጥቅም አለው። የሀደሮ ዝንጅብል ሰብሳቢ ጭነቶቹን በክብደት አሰልፎ አድራሻውን መርካቶ ለሚገኘው ሸሪኩ ቢልክ፥ ሸሪኩም ወደ መዝገቡ የመግባት ፈቃድ ካለው፥ በስልክ ሲነጋገሩ «አራተኛው መስመር» ሲባል ሁለቱም ስለ አንድ ጭነት ይናገራሉ። አሰላለፋቸው ከተለያየ ግን አንዱ ስለ አንድ ጭነት፥ ሌላው ስለ ሌላ ጭነት ዋጋ ሊቆርጡ ይችላሉ።

በዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው በገጹ ውስጥ የሚሠራው «ተመለስ» የሚል ቁልፍ ነው፤ ፕሮግራም ሠሪው ቁልፉን ባዶውን አድራሻ እንዲጠራ አድርጎ ከተወው አሰላለፉ በዚያው ይቀራል። ጥፋቱ ሲፈለግ አስቀድሞ መታየት የሚገባው ይህ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው፥ የሠንጠረዡ አናት በተነካ ቁጥር ብራውዘሩ አዲስ ገጽ እንደ ተጎበኘ አድርጎ እንዲመዘግብ ማድረግ ነው፤ እንዲህ ከሆነ አምስት ጊዜ ያሰለፈ ሰው ለመውጣት የኋላውን ቀስት ስድስት ጊዜ መጫን ይኖርበታል። አዲሱ አሰላለፍ በቀድሞው መዝገብ ላይ ቢተካ ይሻላል። ደግሞም አድራሻን ማንም ሰው በእጁ ሊለውጠው ስለሚችል፥ ሰርቨሩ የሚያውቃቸውን የዓምድ ስሞች ብቻ መቀበል አለበት፤ የደንበኛ ስምና የስልክ ቁጥርም በአድራሻ ላይ ሊጻፍ አይገባም።

ሌላው ማስቀመጫ የብራውዘሩ የራሱ ማኅደር ነው። አንደኛው ዓይነት ገጹ የተከፈተበት መስኮት እስኪዘጋ ይቆያል፤ ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ ቢጠፋም ሰው እስኪሰርዘው ድረስ ይኖራል። ይህ ለብቻው ለሚሠራ ባለሱቅ ይመቻል። በአንድ ኮምፒዩተር ጠዋት ሒሳብ ያዥ፥ ከሰዓት በኋላ የግምጃ ቤት ሠራተኛ የሚቀመጡበት ከሆነ ግን አንዱ የሌላውን አሰላለፍ ይወርሳል። ሠራተኞቹ በየስማቸው የሚገቡ ከሆነ ምርጫቸው በሰርቨሩ ላይ ቢጠበቅ ይበጃል፤ በዚህ ጊዜ በሆሳዕና የተመረጠው አሰላለፍ በዱራሜ ስልክ ላይም ይገኛል።

አሰላለፉ የሚጠበቀው ግን ቀድሞ ትክክል ሲሆን ነው። ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ከተመዘገበ፥ ኮምፒዩተሩ ፊደል በፊደል ስለሚያነጻጽር፥ 10/2/2017 ከ9/2/2017 ቀድሞ ይሰለፋል፤ ዓመቱን አስቀድሞ 2017/02/09 ብሎ መመዝገብ ይህን ያስቀራል። ስሞች ከነማዕረጋቸው ከተጻፉም አቶዎች ሁሉ በ«አ»፥ ወይዘሮዎች ሁሉ በ«ወ» ይከማቻሉ። «ሀሰን» እና «ሐሰን» ተብሎ በሁለት ፊደል የተጻፈ አንድ ደንበኛም፥ በኮምፒዩተሩ የፊደል ተራ በመካከላቸው «ለ» ስለሚገባ፥ ሁለት ሰው መስሎ ይታያል፤ ዕዳውም ለሁለት ይከፈላል። እንዲሁም ሠንጠረዡ በአንድ ገጽ 20 መስመር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፥ ድርድሩ በ140ው ሁሉ ላይ እንጂ በሚታዩት 20 ላይ ብቻ መሆን የለበትም፤ ያለዚያ ከሁሉ የቆየው ዕዳ በአምስተኛው ገጽ ተሸሽጎ ይቀራል።

እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሻጩ ፊት ቢሞክረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስድበታል። ሠንጠረዡን በዕዳው ቀን ያሰልፍ፤ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይለፍ፤ አንድ ስም ይክፈትና በሁለቱም መንገድ፥ በገጹ ቁልፍና በብራውዘሩ ቀስት፥ ይመለስ። ቀጥሎም ገጹን ያድስ፤ አድራሻውንም ወደ ሌላ ስልክ ልኮ ያስከፍት። በመጨረሻ ከመዝገቡ ይውጣና ሌላ ሠራተኛ በዚያው ኮምፒዩተር በራሱ ስም ይግባ፤ ይህ ሠራተኛ የራሱን አሰላለፍ እንጂ ከርሱ በፊት የነበረውን ሰው አሰላለፍ ሊያገኝ አይገባም።