የሩፋኤል ጠበል ከጣራችን ሥር

ሎስ አንጀለስ ጳጉሜን አታውቃትም። አገራችን ክረምቱን ሸኝታ አደይ አበባን ስትጠብቅ፣ የዚህ ከተማ ክፉ ሐሩር የሚብሰው ገና ያኔ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 2010 ዳውንታውን 113 ፋራናይት ደርሶ ነበር። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2020 ደግሞ በዉድላንድ ሂልስ 121 ተመዝግቧል። የዛሬው ወጌ የ2024ቱ ጳጉሜ ነው። ያን ጊዜ ዳውንታውን 112 ገባ፤ በለመድነው ሴንቲግሬድ ከ44 ዲግሪ በላይ መሆኑ ነው። በዚያው ሳምንት የቤታችን ኤር ኮንዲሽነር እየጠፋ ይነሣ፣ እየተነሣ ይጠፋ ጀመር።

የአንድ ሰው ማሽን ቢበላሽ ለጋዜጣ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እኔን ያስጨነቀኝ ማሽኑ ሳይሆን ከሥሩ የምትውለው እናቴ ናት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች፤ እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ብቻዋን ናት። ከሥራ ደውዬ “እማዬ፣ ሞቀሽ ወይ?” ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ!” የኛ አገር እናት ሞቀኝ፣ ደከመኝ ብላ ልጇን ከእንጀራው እንደማታስተጓጉል ታውቃላችሁ። ረቡዕ ማታ ስገባ ግን ፊቷ ቀልቶ፣ ነጠላዋን ውሃ ነክራ አናቷ ላይ ጥላ አገኘኋት። ማሽኑ ጭጭ ብሏል።

በማግስቱ አንድ ድርጅት ጠራሁ። ሠራተኛው የመጣው በማለዳ ነበርና ማሽኑ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደሚጨምት ልጅ፣ አደብ ገዝቶ ይሠራል። ሰውዬው ጋዝ ቀንሷል ብሎ ጨመረበትና 380 ዶላር ተቀብሎ ሄደ። ከቀትር በኋላ ማሽኑ እንደገና ጠፋ። ያ 112 የተባለው ዓርብም በዚሁ ሁኔታ አለፈ።

ቅዳሜ ለዘመን መለወጫ በርበሬና ቡና ልገዛ ፌርፋክስ ወረድኩ። ያቺ መንገድ በ2002 “ሊትል ኢትዮጵያ” ተብላ በከተማው ምክር ቤት ከመሰየሟ በፊትም ሆነ በኋላ፣ መፍትሔ የማይገኝበት ችግር ይዞባት የሄደ የለም። ችግሩ መፍትሔው መብዛቱ ነው። ቡና ይዘን በተቀመጥንበት አንዱ “ፊልትሮው ቆሽሾ ነው” አለኝ። ሌላው “የቴርሞስታቱ ባትሪ ደክሟል” አለ። ሦስተኛው “ካፓሲተሩ ነው” ሲል፣ አራተኛው ኮምፕሬሰሩን ሳያየው ገድሎ አዲስ እንድገዛ መከረኝ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ከመሬት ተነሥተው አላወሩም። ፊልትሮ በአቧራ ሲደፈን የውስጠኛው ቧንቧ በረዶ ይጋግራል። ደጅ ያለው ክፍል በቅጠልና በአቧራ ሲታፈን ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተውና ግፊቱ ሲያይል ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይቆማል። የደከመ ካፓሲተርም ሙቀት ሲበረታ ኮምፕሬሰሩን ማስነሣት ይሳነዋል። ጥያቄው የእኔው የትኛው ነው የሚለው ነው።

በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት የሠራ አንድ ወገናችን ከጥግ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ “በስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው?” አላውቅም ነበር። አፈርኩ። “በል ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ እላለሁ” አለኝ።

እሑድ ጳጉሜ 3፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ነበር። ወገናችን እንደገባ ያንኑ ጥያቄ ለእናቴ አቀረበላት። እማዬ ምንም ሳትል ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ አንድ አሮጌ ፖስታ ይዛ ተመለሰች። በጀርባው ላይ በጥንቃቄ በተጻፈ ፊደል “ረቡዕ፦ 8 ሰዓት ጠፋ፣ 9 ሰዓት ከሩብ መጣ፣ 10 ሰዓት ከሩብ ጠፋ፣ 11 ሰዓት ተኩል መጣ” ይላል። ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም እንደዚሁ ተመዝግቧል።

“ለምን አልነገርሽኝም?” ብላት፣ “መቼ ጠየቅከኝ? ደግሞ ሌላ ገንዘብ እንዳታወጣ ብዬ ነው” አለችኝ።

ፈረንጅ ቢሆን 8 ሰዓትን ማለዳ ነው ብሎ ይስት ነበር። ወገናችን ግን የቀትር በኋላ መሆኑን ለመረዳት መደመር መቀነስ አላስፈለገውም። ወረቀቱን ደጋግሞ አየና “አንድ ሰዓት ይሠራል፤ ሰዓት ከሩብ ያርፋል። ይህ ሞልቶ የሚጎድል ነገር ጠባይ ነው። እማማ፣ የሚንጠባጠብ ውሃ የት አይተዋል?” አላት።

እማዬ ሣቀች። “ከወጥ ቤቱ መስኮት በላይ ካለችው ቀጭን ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ዛሬማ ሰማዩ ለሩፋኤል ዝናብ ቢነፍገን፣ ጠበሉ ከጣራ ሥር መጣልን ብዬ ግንባሬን አስነካሁት!”

“ጠበሉ ነው የነገረን” አለና መሰላል ይዞ ኮርኒስ ላይ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊሊስ ካሪየር በ1902 የዘመናዊውን ኤር ኮንዲሽነር ንድፍ ያወጣው ሰው እንዲቀዘቅዝ ብሎ ሳይሆን፣ በብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እያበጠ ስላስቸገረ ነበር። ማሽኑ ከአየር ውስጥ ውሃ ይጨምቃል፤ ያ ውሃም መውጫ ይፈልጋል። በእኛ ቤት ዋናው መውጫ ቧንቧ በዝቃጭ ተደፍኖ ውሃው ከማሽኑ ሥር ወዳለው ትሪ መሰል ቆርቆሮ ይፈስስ ነበር። እዚያ ላይ የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ተንሳፋፊ አለ። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና፣ ኮርኒሱ በውሃ እንዳይበሰብስ ማሽኑን ያጠፋዋል። ውሃው በሁለተኛዋ ቀጭን ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ሲጎድል ማሽኑ ይነሣል። ያቺ ቧንቧ ሆን ተብሎ መስኮት አናት ላይ የምትደረገው ባለቤቱ አይቶ እንዲጠይቅ ነው። እኔ አላየኋትም፤ እናቴ አይታታለች።

ወገናችን ቧንቧውን በቫክዩም ስቦ፣ አቼቶና ውሃ አፍስሶበት ጨረሰ። 120 ዶላር ተቀበለ፤ ቡናችንንም ጠጣ።

ከእርሱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ማሽኑ እየጠፋ ካስቸገራችሁ ለሁለትና ለሦስት ቀን የጠፋበትንና የተነሣበትን ሰዓት ጻፉ። ፊልትሮውን አይታችሁ ከቆሸሸ ለውጡ፤ የቴርሞስታቱን ባትሪ ቀይሩ፤ ደጅ ያለውን ክፍል ዙሪያውን ሁለት ጫማ ያህል አጽዱለት፤ የውሃ መውጫውን ተመልከቱ። ማሽኑ ሲጠፋ አምስት ደቂቃ ሳትታገሡ መልሳችሁ አታስነሡት። ክዳኑን ግን አትክፈቱ፤ ካፓሲተር መብራቱ ጠፍቶም የሚገድል ኤሌክትሪክ ይይዛል። ጋዙ እንደ መኪና ቤንዚን በሥራ አያልቅም፤ ከቀነሰ የሚያፈስስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚጨምር ሰው የተሰነጠቀ እንስራ ላይ ውሃ የሚሞላ ነው። አሮጌ ማሽኖች የሚጠቀሙበት አር-22 የተባለው ጋዝ ደግሞ ከ2020 መግቢያ ጀምሮ እዚህ አገር ማምረትም ሆነ ማስገባት ስለተከለከለ ውድ ነው። ሠራተኛ ስትቀጥሩ ሲ-20 የተባለውን የካሊፎርኒያ ፈቃድ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ሽማግሌዎቻችንን እንጠብቅ። ሙቀቱ እጅግ ሲበረታ ቬንቲሌተር ብቻውን አያድንም። ማሽኑ ካልሠራ ወደ ዘመድ ቤት ወይም ወደ ሠፈሩ ላይብረሪ ውሰዷቸው። ንግግራቸው ከተደናገረ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ሳትውሉ ሳታድሩ 911 ደውሉ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ስደውል “ሞቀሽ ወይ?” ብዬ አልጠይቅም፤ መልሱን አውቀዋለሁና። “እማዬ፣ ቴርሞስታቱ ስንት ይላል?” እላታለሁ። መነጽሯን አድርጋ ሄዳ ታነብልኛለች። ቁጥር ስትነግረኝ ልጇን ያስቸገረች አይመስላትም።

ቸር ያሰንብተን።