ዕጩ መኮንንን እናስተዋውቃችሁ

ዕጩ መኮንን ማለት ሠራዊቱ አዛዥ አድርጎ ሊያሠለጥነው የመለመለው ወጣት ነው። ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ከአጋሮ ወላጅ ጋር ቁጭ ብሎ ማስረዳቱ ግን በአንድ ከሰዓት ቡና አያልቅም።

መኮንን ለመሆን ሦስት በር አለ። አንደኛው በተራ ወታደርነት ገብቶ በአገልግሎትና በኮርስ ከፍ ማለት ነው። እዚሁ አጠገባችን በሻሻ የተወለዱት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሠራዊቱን ገና በወጣትነታቸው ከታች ተቀላቅለው እስከ ሌተና ኮሎኔልነት ደርሰዋል። ሁለተኛው ጦር አካዳሚ ነው፤ ሥልጠናውን የጨረሰ ዕጩ በምክትል መቶ አለቅነት ይመረቃል። ሦስተኛው ቢሾፍቱ ያሉት የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጆች ናቸው፤ ምህንድስና ወይም ጤና ያጠና ልጅ ዲግሪውንም ማዕረጉንም ይዞ ይወጣል። ምግቡ፣ መኝታው፣ ልብሱና ትምህርቱ የመንግሥት ነው። በምላሹ የተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ይፈረማል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይመዘገብም። መሠረቱ ይኼው ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልለፍ። አንድ የቡና ነጋዴ ስለ ልጁ ሳማክረው ቆጣ ብሎ፣ «መምህር፣ ይህ ልጅ እኮ ደረጃ የሚወጣ ልጅ ነው። ምን አጥፍቶ ነው ወደ ጦር የምትሰደው?» አለኝ። በእሱ ቤት ጦር ማለት ቀዩ ቡና ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ግንዱ ሥር የተረፈው ፍሬ የሚጣልበት ጆንያ ነው። እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። መምህራን ባልደረቦቼም የሰነፈን ተማሪ ሲያስፈራሩ፣ «አንተ መጨረሻህ ወታደር ቤት ነው» ይላሉ። መምህር ይህን ሲል ስሰማ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ነገሩ ከሥሩ እንደዚያ አልነበረም። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የመኮንኖች ትምህርት ቤት በጥር 1927 ሆለታ ገነት ላይ ሲከፈት ዕጩዎቹ የመጡት ከየት ይመስላችኋል? ከተፈሪ መኰንንና ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነበር። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ ስዊድናውያን መኮንኖች ስለነበሩና ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ስለሚሰጥ፣ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ልጅ በሩን አያልፍም ነበር። በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ ያውቅ የነበረ ወጣት በአገሪቱ ስንት ነበር? ንጉሠ ነገሥቱ ከነበራቸው የተማረ ልጅ ላይ ከላይ ከላዩን መርጠው ነው ለሆለታ የሰጡት።

ልጆቹ ኮርሳቸውን በወጉ ሳይጨርሱ በመስከረም 1928 ጣሊያን ወረረ። በሚያዝያ 1928 ጠላት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ በክፍሌ ነሲቡ የሚመሩ የሆለታ ዕጩዎች ጣርማ በር ላይ እንዲያግዱት ተላኩ። ሊያግዱት አልቻሉም፤ የነበራቸው መሣሪያና ሰው ለዚያ የሚበቃ አልነበረም። ዋና ከተማዋ ከወደቀች በኋላ ግን ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው፣ ነቀምት ላይ ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ጋር ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ተዋጊውን የሚገዛ የራሱ ሕግ ነበረው፤ የጦሩ ውሳኔ ከማኅበሩ አመራር ጋር ሳይመከርበት እንዳይወሰን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይሰቃይ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወጣቶች እንደነበሩ አስቡት። ሰኔ 20፣ 1928 ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው፣ ጄኔራል ማልዮኮንና አብረውት የመጡትን የጣሊያን መኮንኖች ገደሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ወደ እኛው ደጃፍ ይመጣል። ጥቁር አንበሳ በልዑል ራስ እምሩ መሪነት ከጎሬ ተገፍቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ታኅሣሥ 9፣ 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበበና እጁን ሰጠ። ከጅማ ወደ ቦንጋ በመኪና ስትሄዱ ቁልቁል ወርዳችሁ የምትሻገሩት ያው ጎጀብ ነው። ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው ስለ ጎጀብ የሚያውቁት ሙቀቱን ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ጋር፣ ጣሊያን የተማረውን ወጣት እየለየ ሲገድል የሆለታ ልጆች ከፊተኞቹ ነበሩ። ክፍሌ ነሲቡም በዚያው ተገደለ። በስደት ከተረፉት አንዱ የኋላው ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነው፤ ከነፃነት በኋላ የክብር ዘበኛን የገነባው እሱ ነው።

ታዲያ «ሰነፍ ነው የሚገባው» የሚለው ከየት መጣ? የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ከነፃነት በኋላ ሆለታ በብዛት ከወታደሩ መካከል የሚመረጡ ሰዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የወጣው ከዚያ ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የሕንድ መኮንኖች የሚያስተምሩበት የሐረር ጦር አካዳሚ ተከፈተና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለሦስት ዓመት ማስተማር ያዘ። በሐረርና በሆለታ ምሩቃን መካከል የነበረውን ፉክክር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያወራዋል። ሐረር በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ በ1969 ዓ.ም.፣ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጣው የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነው። የአጋሮ ወላጅ ስለ ጦር ሲያስብ ትዝ የሚለው ያ አፈሳ፣ ያ ሌሊት ተነጥቆ የተወሰደ የጎረቤት ልጅ ነው። አልፈርድበትም። ግን አፈሳና ዕጩ መኮንንነት አንድ አይደሉም። የዛሬውን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው የትምህርት ማስረጃ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ የአካል ብቃት፣ የጤና ምርመራና ቃለ መጠይቅ መኖሩን ያያል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ዲግሪ የሚሰጠውን የቢሾፍቱን ኮሌጅ የሚመኝ ልጅ ከእነዚህ ጥቂቶች ጋር ነው የሚሰለፈው።

ወላጅ ሊያግዝ የሚችልበት ቦታ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታይ ነው፤ ወረቀቱ። አጋሮ ውስጥ የልጁ ስም በሚኒስትሪ ካርድ ላይ በቁቤ፣ በልደት ካርድ ላይ በአማርኛ፣ በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይወጣል። «ጫላ» ብቻውን በሦስት ሰነድ ሦስት ዓይነት ሰው ይሆናል። የአያት ስም አንዱ ላይ «አባ ቢያ» ሆኖ ሌላው ላይ «አባቢያ» ይባላል። የልደት ዘመኑም ትምህርት ቤት ሲገባ በግምት ተሞልቷል። መዝጋቢው ይህን ሁሉ አጣርቶ አይጠብቃችሁም፤ «አስተካክለህ ና» ይላል፤ ምዝገባው ግን የሚቆየው ቀናት ነው። ማስታወቂያው በቡና ለቀማ ወቅት ከወጣ ደግሞ ባሰ፤ አባት ማሳ ላይ፣ ልጅ ጆንያ ተሸክሞ፣ እናት እያሰጣች፣ ወረዳና ቀበሌ የሚመላለስ ሰው ይጠፋል። ስማችሁን በክረምት አስተካክሉ። ፋይዳውን አስወጡ። ማስታወቂያውን ከሰው አፍ አትስሙ፤ ወረዳው የለጠፈውን ራሳችሁ አንብቡ፤ ዕድሜው፣ ቁመቱና ነጥቡ በየጊዜው ይለያያልና። ጅማ ሄዶ «እኔ አስገባዋለሁ» ለሚል ደላላ ሁለት ኩንታል ቡና ሸጦ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ልጁም አልገባ፣ ቡናውም አልተመለሰ።

ሩጫውን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ። አጋሮ ከፍታዋ መካከለኛ ነው፤ ጦር አካዳሚው ያለባት ሆለታ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አንደኛ የሚወጣ ልጅ እዚያ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ከወራት በፊት በየማለዳው ዳገት ይሩጥ። ጫት ሲቅም የሚያድር ልጅ ካላችሁ ስለ ዝግጅት አናውራ።

የእናቶች ነገር ከአባቶች ይለያል። አንዲት እናት፣ «እኔ እኮ ንቄው አይደለም መምህር፤ ሞት ነው የምፈራው» አለችኝ። ይህን አልተከራከርኩም። መኮንን ይሞታል፤ ከፊት ስለሚቆም ቶሎ የሚሞትበትም ጊዜ አለ። የፈረመም እንደ ሲቪል ተማሪ «ሰለቸኝ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ አይመጣም። ይህን ልጁ ሳያውቅ ያስፈረመ ወላጅ፣ ልጁን ሰነፍ ነው ብሎ ከሚልከው አይሻልም።

ስለዚህ ደመወዙን ወይም ማዕረጉን አስባችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ልጃችሁን ራሱን ጠይቁት። ካልፈለገ ተዉት፤ ጅማም ዩኒቨርሲቲ አለ። ከፈለገ ግን ወረቀቱን ይዛችሁ አብራችሁት ወረዳ ሂዱ።