የግድግዳ ጨው (ኤፍሎረሰንስ)

የግድግዳ ጨው ወይም ኤፍሎረሰንስ በጡብ፣ በብሎኬት፣ በኮንክሪት ወይም በልስን ገጽ ላይ የሚወጣ ነጭ የጨው ክምችት ነው። ስሙ «ማበብ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው። በተቀባ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ቀለሙን ያሳብጣል፣ ይልጣልም። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቀለሙ ቢሆንም ዋናው ምክንያት ከጀርባው ያለው ውኃ ነው።

አፈጣጠር

ጨው እንዲወጣ የሚሟሟ ጨው፣ የሚያሟሟው ውኃና ውኃው ወደ ገጽ የሚደርስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው። ጨው ከሲሚንቶው፣ ካልታጠበ አሸዋ፣ ከጡቡ ሸክላ ወይም ከመሬት ሊመጣ ይችላል። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ወደ ገጽ ወጥቶ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሐድ በውኃ በቀላሉ የማይለቅ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። የሶዲየምና የፖታሲየም ሰልፌቶች ግን በውኃ ይሟሟሉ።

ጨው የሚቀረው ውኃው ሲተን ስለሆነ፣ ክረምቱን ውኃ የጠጣ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የሚነጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ከገጹ ስር ሲከማች ጉዳቱ ይብሳል፤ ሶዲየም ሰልፌት ውኃ ይዞ ሲረጋ ይዘቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። በፓኪስታን የሚገኘው የጥንታዊቷ ሞሄንጆ ዳሮ ከተማ ጡብ የሚፈረፈረው በዋናነት በጨው ነው።

መከላከል

መጀመሪያ የውኃው መግቢያ ይዘጋል፦ የሚያፈስ ጣሪያና አሸንዳ፣ የተሰነጠቀ ልስን፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ግድግዳ ላይ የተቆለለ አፈር። ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ለማስቆም ከመሠረቱ በላይ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይደረጋል። ይህ በግንባታ ጊዜ ርካሽ ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን አስቸጋሪና ውድ ይሆናል።

አዲስ ኮንክሪትና ልስን ከመቀባታቸው በፊት 28 ቀን ገደማ ይጠበቃሉ፤ በእርጥብ ወቅት ከዚያም በላይ ሊፈልጉ ይችላሉ። ትኩስ ኮንክሪት ፒኤች 12 እስከ 13 የሚደርስ አልካሊ ስለሆነ የዘይት ቀለምን ቃል በቃል ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ስለዚህ አልካሊን የሚቋቋም ፕራይመር ይቀድማል። እርጥበት መኖሩን ለማወቅ 45 ሳንቲ ሜትር በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ጠርዙ በፕላስተር ተጣብቆ ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል። ከስሩ ጠል ከታየ ወይም ገጹ ከጠቆረ ለመቀባት ጊዜው አልደረሰም።

የወጣው ጨው አስቀድሞ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በውኃ ብቻ ከታጠበ የሚሟሟው ክፍል ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይገባል። ግትሩ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ግድግዳው በውኃ ከረጠበ በኋላ በቀጠነ አሲድ ተለቅልቆ በደንብ ይታጠባል። ለዚህም ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። እርጥበቱ ካልተቋረጠ እንፋሎት የማያሳልፍ ቀለም መቀባት ጨውን ከቀለሙ ስር ያከማቻል፤ ኖራና የሲሊኬት ቀለም ግን እንፋሎት ያሳልፋሉ። ጨው በአንድ ቦታ ብቻ እየተመላለሰ ከወጣ ከጀርባው የሚያልፈውን ቧንቧ መፈተሽ ያስፈልጋል።