ሁለቱ 1984ዎች

ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቋን ያጠለቀችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። ሞሮኮአዊቷ ናዋል ኤል ሙታዋኪል ሎስ አንጀለስ ላይ የ400 ሜትር መሰናክልን ያሸነፈችውም በ1984 ነው፤ የእሷ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር። በመሀላቸው ስምንት ዓመት አለ። ሁለቱን በአንድ የኤክሴል ዓምድ አስገብቶ በዓመት የደረደረ ሰው ግን እኩል ሆነው ያገኛቸዋል። ዝቅ ብሎ “ደራርቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት” የሚል ረድፍ ቢኖር ማን ይጠረጥረዋል? ደራርቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ናት፤ ከአህጉሩ ሴቶች ናዋል ትቀድማታለች።

የመታሰቢያ መጽሔት የሚያዘጋጅ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር የሚያሰናዳ፣ የድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት የሚጽፍ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አያጣውም፦ ከኅትመት በፊት የሚጣሩ ነጥቦች በየረድፉ ተዘርዝረው። ድሮ አንድ ታጋሽ ሰው መጻሕፍት እያገላበጠ ያመሳክራቸው ነበር። አሁን ሥራው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተሰጠ ነው። አንዳንዱ ሰንጠረዡን እንዳለ ለቻትጂፒቲ ይሰጣል፤ ሌላው ኤክሴልና ጉግል ሺትስ ውስጥ በገቡት አዳዲስ ቀመሮች ይጠቀማል። ቀመሩን አንዱ ሴል ላይ ጽፎ ወደ ታች መጎተት ነው፤ በየረድፉ “ትክክል” ወይም “ስህተት” እያለ ይሞላል። ማየቱ ደስ ይላል። ማይክሮሶፍት ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ኮፓይለት የተባለውን ቀመር ለኤክሴል ሲያስተዋውቅ፣ ትክክለኛነት ለሚጠይቅ ሥራ እንዳይውል አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያውን ስንቱ አንብቦት ይሆን?

መሣሪያው የሚመልሰው በሁለት መንገድ ነው፤ ልዩነቱን ሳያውቁ ሥራ መጀመር አይገባም። አንደኛው ከትውስታ ነው፦ በሥልጠና ወቅት ካነበበው ብዛት ያለው ጽሑፍ ተነስቶ ለጥያቄው የሚመስለውን መልስ ይገጣጥማል። ሁለተኛው ፍለጋ ነው፦ ድረ ገጾችን ከፍቶ፣ የተጻፈውን ከቀረበለት ዐረፍተ ነገር ጋር አስተያይቶ ይፈርዳል። ከትውስታ የሚመልሰው መሣሪያ ስለ ራሱ መልስ ቢጠየቅም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ከቶ ያልነበሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቀረቡ። ከጠበቆቹ አንዱ ጉዳዮቹ እውነተኛ መሆናቸውን እዚያው ቻትጂፒቲን ጠይቆት “አዎ” ብሎት ነበር። ቅጣቱ 5,000 ዶላር ሆነ።

በመስኩ ያሉ ተመራማሪዎች ብይኑን ከሁለት ወደ ሦስት ካሳደጉት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና ፊቨር የተባለው የሥልጠና ስብስብ ከዊኪፔዲያ ጽሑፍ ተነስተው የተዘጋጁ 185,445 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ እያንዳንዱ “የተደገፈ”፣ “የተስተባበለ” ወይም “በቂ መረጃ የሌለው” ተብሎ ተመድቧል። ሦስተኛው ምድብ ከሌለ መሣሪያው የማያውቀውንም ለመወሰን ይገደዳል። እኔ ብሆን ትእዛዙ ላይ መጀመሪያ የማስገባው ይህን ነው።

አንድ ረድፍ ቀረብ ብለን እንይ፦ “አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ።” አንድ ዐረፍተ ነገር ይመስላል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ባዶ እግሩ፣ ሰዓቱና ድሉ ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚጣሩ ናቸው። እንዳሉ ከተሰጡት መሣሪያው አራቱን አረጋግጦ አምስተኛውን ሳያየው “ትክክል” ሊል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መሰንጠቅ ነው፤ በአንድ ረድፍ አንድ ነጥብ።

ቀኑ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ፀሐፊው ቀኑን በቁጥር 5/13/1952 ብሎ ቢያስገባ፣ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አሠራር የተስተካከለ ኮምፒውተር ሜይ 13 አድርጎ ይይዘዋል። ሴሉ ላይ የሚታየው አይለወጥም፤ ከውስጥ ግን ጳጉሜን ጠፍታለች። የፈረንጅ ምንጮች የሮሙን ውድድር በሴፕቴምበር 10፣ 1960 ስለሚያስቀምጡት፣ የቀን አቆጣጠሩ ያልተነገረው መሣሪያ 1952ን አይቶ “ስህተት” ሊል ይችላል። ሰባት ዓመት ቀንሶ 1953 ቢልም ይስታል፤ ውድድሩ የዋለው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነውና አዲሱ ዓመት ገና አልገባም። ይህን ለትውስታ መተው አይገባም። ቀኑ በመለወጫ ፕሮግራም ይሰላ፤ የእኛና የፈረንጁ በሁለት ዓምድ ለየብቻ ይቀመጡ፤ ሁለቱም በጽሑፍ መልክ ይያዙ።

ከብይኑ ዓምድ ይልቅ ከጎኑ ያለው ይበልጥብኛል፦ መሣሪያው የተመረኮዘበት ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል፣ ከነአድራሻው። አድራሻውን ከፍቶ ዐረፍተ ነገሩ እዚያ መኖሩን ማየት የሰው ሥራ ነው፤ ጊዜ አይፈጅም። ረድፎቹም ቁጥር ይሰጣቸው፤ ብዙ ረድፍ በአንዴ ሲሰጠው መሣሪያው አንዱን ዘሎ የቀጣዩን መልስ ከፍ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። ጥንቃቄውን ለመፈተን ደግሞ ሆን ብሎ የተሳሳተ ረድፍ መቀላቀል ነው፤ ለምሳሌ “የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1889 ዓ.ም.”። ያን ካሳለፈ የቀረውንም ማመን ያዳግታል።

ሰንጠረዡ ራሱ በሚያሰላባቸው ቀመሮች ውስጥ ያለውን ስህተት ግን ይህ ሁሉ አይነካውም። ሬይንሃርትና ሮጎፍ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳ ባወጡት ጥናት የአማካዩ ቀመር አምስት አገሮችን ትቶ ነበር። ያገኘው ከሦስት ዓመት በኋላ ሰንጠረዡን ለምኖ ያገላበጠ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሌሎች እርማቶችም ታክለውበት፣ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው አገሮች −0.1 በመቶ የተባለው አማካይ ዕድገት 2.2 ሆነ። ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ይህን ከየት ያየዋል?

ለአማርኛ ሰንጠረዥ “በቂ መረጃ የለም” የሚለው ምልክት ቢበዛ አያስደንግጥ። ስለ እኛ የተጻፈው ብዙው በወረቀት እንጂ በኢንተርኔት ላይ አይደለም፤ መሣሪያውም ባብዛኛው የሚያገኘው የእንግሊዝኛውን ነው። ነጥቡ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። እነዚህን ረድፎች ለይቶ ማተምና ዝርዝሩን ይዞ ወመዘክር መሄድ ነው፤ የዘመኑን ጋዜጣ በቀኑ አስወጥቶ ማመሳከር፣ ገጹንና ዕትሙንም በባዶው ዓምድ ላይ መጻፍ።