በተራራው ላይ የቀረችው ልጅ፤ በ«ማዱማቲ» ፊልም ስለሚታየው የነፍስ ፍልሰት

በሕንድ አገር በሂንዲ ቋንቋ ከተሠሩት የፍቅር ፊልሞች መካከል ሞተው ዳግመኛ ስለ ተወለዱ ፍቅረኞች የሚተርኩት ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህን ፊልሞች የሚመለከት ሰው ነገሩ የሕንዶች ሃይማኖት በሥዕል መልክ የቀረበ ብቻ ይመስለው ይሆናል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን በፊልም የሚታየው እምነትና በመጻሕፍት የሚነበበው በብዙ ነገር ይለያያሉ። ልዩነቱም ከጋብቻ ሥርዐትና ከወገን ድንበር ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ የሕዝቦችን ባሕል ለሚያጠና ሰው ከፍ ያለ ጥቅም አለው። ይህንኑ ለማስረዳት በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ማዱማቲ» የተባለውን ፊልም እንመረምራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ዳግም ልደት» በአማርኛ የቤተ ክርስቲያን ቃል ሲሆን የሚያመለክተው ጥምቀትን ነው፤ «ትንሣኤ» ደግሞ ያው ሰው በራሱ ሥጋ የሚነሣበት ነው። የሕንዶች እምነት ከሁለቱም የተለየ ነው። በእነርሱ ዘንድ ነፍስ አንዱን ሥጋ ትታ ሌላውን ትለብሳለች፤ ስሟም፥ ወላጆቿም፥ ወገኗም ይለወጣሉ። ስለዚህ እምነቱን «የነፍስ ፍልሰት»፥ እያንዳንዱንም ሕይወት «ልደት» ብለን እንጠራለን፤ ሂንዲ ተናጋሪዎች «ጀናም» የሚሉት ቃል ትርጓሜው ልደት ነውና።

ፊልሙን ያዘጋጀው ቢማል ሮይ፥ ታሪኩን የጻፈው ሪትዊክ ጋታክ ሲሆን፥ ሁለቱም የቤንጋል ሰዎች ነበሩ። ቢማል ሮይ በ1953 ዓ.ም. ባወጣው «ዶ ቢጋ ዛሚን» በተባለው ፊልም መሬቱን ላለማጣት የሚደክም ገበሬን ታሪክ ተርኳል። ጋታክም በዚያው በ1958 ዓ.ም. በወጣው «አጃንትሪክ» ፊልሙ ኦራዎን የተባለውን ነባር ነገድ ከነጭፈራው አሳይቷል። እንግዲህ የመሬትም የነገዶችም ነገር ለሁለቱ ሰዎች እንግዳ አልነበረም። «ማዱማቲ» 9 የፊልምፌር ሽልማቶችን ያገኘ ሲሆን፥ በ1995 ዓ.ም. የወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» እስኪበልጠው ድረስ ለ37 ዓመታት የሚወዳደረው አልተገኘም።

የፊልሙ ታሪክ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ደቪንደር የተባለ መሐንዲስ ሚስቱንና ልጁን ከባቡር ጣቢያ ለመቀበል በዝናብና በነፋስ ሌሊት በመኪና ሲጓዝ ተራራው ተንዶ መንገዱን ይዘጋበታል። ከጓደኛው ጋራ በአንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ይጠለላል። ቤቱ ግን ከዚህ ቀደም የሚያውቀው ይመስለዋል፤ በግድግዳ የተሰቀለውን የባለቤቱን ሥዕልም በቀድሞ ልደቱ ራሱ እንደ ሣለው ያስታውሳል። በዚያ ልደቱ ስሙ አናንድ ነበር፤ ሥራውም የአንድ የደን እንጨት ድርጅት አስተዳዳሪነት ነበር። በዚያም የተራራ ነገድ ልጅ ከሆነችው ከማዱማቲ ጋራ ይዋደዳሉ። ባለመሬቱ ራጃ ኡግራ ናራይን ልጅቱን በተንኰል ወደ ቤቱ ያስመጣታል፤ እርስዋም ከዚያ ሳትወጣ ከሰገነቱ ወድቃ ትሞታለች። አናንድ በኀዘን አእምሮው ሊናወጥ ደርሶ ሳለ መልኳ ፍጹም ማዱማቲን የመሰለ ማዳቪ የተባለች የከተማ ሴት ያገኛል። ባለመሬቱ ደንግጦ በደሉን እንዲናዘዝ፥ የሟቿን መንፈስ መስላ እንድትታየው ይለምናታል። በተቀጠረው ሌሊት አንዲት ሴት ቀርባ ባለመሬቱን ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ይናዘዛል፥ ፖሊሶችም ይይዙታል። ወዲያው ግን እውነተኛዋ ማዳቪ መኪናዋ ተበላሽቶባት ዘግይታ ትደርሳለች። የጠየቀችው የማዱማቲ መንፈስ ራስዋ ነበረች። አናንድም ተከትሏት ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ወድቆ ይሞታል። ደቪንደር ይህን ተርኮ ሲያበቃ መንገዱ ይከፈታል፤ ባቡሩ አደጋ ደርሶበታል ቢባልም ሚስቱ ራዳ በደኅና ትወጣለች። መልኳም የማዱማቲ ነው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ከመጻሕፍቱ ትምህርት ጋራ እናስተያየው። በሂንዱዎች መጻሕፍት ዘንድ ሳምሳራ የሚባለው የልደትና የሞት ዙር እንደ እስራት የሚቈጠር ነው። ጠቢብ ሰው የሚመኘው ተመልሶ ለመወለድ ሳይሆን ሞክሻ ወደሚባለው ነጻነት ለመድረስ ነው። ለሰው ወይም ለነገር ያለን ፍቅርም ነፍስን ከዙሩ ጋራ ከሚያስሩት ገመዶች አንዱ ነው። በ«ማዱማቲ» ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ተመልሶ መወለድ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ሽልማት ሆኗል፥ ገመዱም እንዳይበጠስ የሚጸለይለት ሆኗል።

ሁለተኛው ልዩነት ስለ ማስታወስ ነው። በባጋቫድ ጊታ ክሪሽና ለአርጁና ሁለቱም በብዙ ልደቶች ማለፋቸውን ሲነግረው፥ ሁሉን የሚያውቀው እርሱ ብቻ እንደ ሆነና አርጁና ግን እንደማያውቅ ይገልጥለታል። መርሳት የሰው ሁሉ ዕጣ ነው፤ የቀድሞ ልደቱን የሚያስታውስ ሰው ጃቲስማራ ተብሎ በልዩ ስም የሚጠራውም ስለዚህ ነው። በፊልሙ ግን መሐንዲሱ ያለ ጾምና ያለ ተመስጦ ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰውም ቤትና ሥዕል አይቶ ነው። ማለትም መታሰቢያው የተቀመጠው በነፍስ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ግፉ በተፈጸመበት ስፍራ ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የፊልሙ አሳብ ከሲኒማ የተወለደ አዲስ ነገር ነው ማለት አይደለም፤ ሥሩ በጥንታዊ ሥነ ጽሑፍና በሕዝቡ ልማድ ውስጥ ይገኛል። በ7ኛው መቶ ዓመት ባናባታ የተባለው ደራሲ በሳንስክሪት በጀመረውና ልጁ በፈጸመው «ካዳምባሪ» በተባለው መጽሐፍ፥ የሞቱ ወንዶች በሌላ ሥጋ ተወልደው በመጨረሻ ከሚጠብቋቸው ሴቶች ጋራ ይገናኛሉ፤ አንደኛው ነፍስም በበቀቀን ሥጋ እስከ መወለድ ይደርሳል። በልማድ በኩል ደግሞ የባልና የሚስት ማሰሪያ ለሰባት ልደት የሚጸና ነው የሚለው አባባል በሰፊው የታወቀ ነው። በማሃራሽትራ ያገቡ ሴቶች በግንቦትና በሰኔ አካባቢ በሚውለው የጅየሽታ ወር ሙሉ ጨረቃ ቀን ይጾማሉ፤ የዋርካ ወገን በሆነው በባንያን ዛፍ ግንድ ዙሪያም ክር እየጠመጠሙ ያንኑ ባል ለሰባት ልደት እንዲያገኙ ይጸልያሉ። ጋብቻ በሞት ይፈጸማል ብሎ ላደገ አንባቢ ይህ ጸሎት እንግዳ ቢመስለውም፥ የፊልሙ ተመልካቾች ያለ ማብራሪያ የሚያውቁት ነገር ነው። ስለዚህ «ማዱማቲ» የሚከተለው የሊቃውንቱን ትምህርት ሳይሆን በዛፉ ሥር ክር የሚጠመጥሙትን ሴቶች እምነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። በመጻሕፍቱ ትምህርት ሰው ከፍ ባለ ወይም ዝቅ ባለ ወገን የሚወለደው ካርማ በሚባለው በቀድሞ ሥራው መጠን ነው። ስለዚህ የነፍስ ፍልሰት እምነት የወገንን ልዩነት ትክክል አድርጎ ሲያስረዳ ኖሯል። በፊልሙ ግን ግንቡን የደገፈው ያው እምነት ለፍቅረኞቹ በር ይሆንላቸዋል። በመጀመሪያው ልደት የተማረው የከተማ ሰውና የተራራዋ ልጅ አንድ ቤት አልሠሩም፤ በሁለተኛው እርስዋ በሥርዐት የተዳረች የመሐንዲስ ሚስትና የልጅ እናት ሆናለች፤ ስለ ወገኗም የሚነሣ ጥያቄ የለም።

በእርግጥ ፍቅረኞቹን የለያቸው የባለመሬቱ ግፍ እንጂ የወገን ሕግ አይደለም የሚል ይኖራል። አባባሉ እውነትነት አለው። ሆኖም ባለመሬቱ በልጅቱ ላይ ያን ያህል የደፈረው እርስዋ ጠባቂ ከሌለው ሕዝብ የተወለደች ስለ ሆነች ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው «ሚላን» የተባለው ፊልም ይህንኑ ንድፍ ግልጥ አድርጎ ያሳያል። በዚያ በመጀመሪያው ልደት ወንዱ ድኻ ጀልባ ቀዛፊ፥ ሴቲቱ የባለመሬት ልጅ ነበሩ፤ እርስዋም ለሌላ ተድራ ባልዋ ከሞተ በኋላ የሰው አፍ ያሳድዳቸውና አብረው በወንዝ ይሰጥማሉ። በሁለተኛው ልደት ግን ማንም የማይነቅፋቸው ሙሽሮች ናቸው። በሁለቱም ፊልሞች ድንበሩን የሚያሻግረው ሞት ነው፤ ድንበሩ ራሱ ግን አይነካም።

ዘመኑንም ማሰብ ይገባል። የ1954ቱ ልዩ የጋብቻ ሕግ በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች እንዲጋቡ ፈቅዶ ነበር፤ የ1955ቱ የሂንዱዎች የጋብቻ ሕግም ለፍቺ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ሕግ በመንግሥት መዝገብ ለገቡት ነገዶች፥ የማዕከላዊ መንግሥቱ በተለይ ካላዘዘ በቀር እንደማይጸና በራሱ በሕጉ ተጽፏል። እንግዲህ በሕግ በኩል ጋብቻ የሚፈታና ወገን የሚሻገር ሆኖ ሳለ፥ ሲኒማው ከሦስት ዓመት በኋላ ሞት እንኳ የማይፈታውን ጋብቻ አሳየ።

ፍርድን በተመለከተም አንድ ነገር ልብ ይሏል። በካርማ ትምህርት በደለኛው ዋጋውን በሚመጣው ልደት በተቀበለ ነበር። ፊልሙ ግን ይህን አልጠበቀም፤ ኡግራ ናራይን በዚያው ልደት በራሱ አንደበት ተናዝዞ በፖሊስ እጅ ወድቋል። ቅጣት ለመንግሥት፥ ፍቅር ለሚመጣው ልደት ተከፍሎ ተሰጥቷል። በኋላ ዘመን ይህ ክፍፍል ተለውጧል፤ በ1980 ዓ.ም. በወጣው «ካርዝ»ና በ1995 ዓ.ም. በወጣው «ካራን አርጁን» በተባሉት ፊልሞች ተመልሶ የተወለደው ሰው የሚፈልገው የገዳዮቹን ቅጣት ነው።

በጠቅላላው «ማዱማቲ» የሚያስተምረን እምነት በመጽሐፍ፥ በዛፍ ሥርና በሲኒማ ቤት አንድ ዓይነት ሥራ እንደማይሠራ ነው። ለመነኵሴው እስራት የሆነው ልደት ለሚስቲቱ ጸሎት፥ ለተመልካቹ መጽናኛ ይሆናል። መጽናኛው ግን ዋጋ አለው። በፊልሙ መጨረሻ ባልየው ያጣትን አግኝቶ ደስ ብሎት እንሰናበተዋለን፤ ራዳ ግን በተራራው ላይ ስለ ነበረው ሕይወቷ የምትናገረው ነገር የለም፤ የሚያስታውሰው እርሱ ብቻ ነው። የማዱማቲ ፊት ከባቡሩ ወርዷል፤ የማዱማቲ ሕዝብ ግን በተራራው ቀርቷል። የነፍስን መንገድ የሚከተል ተመራማሪም ነፍስ ስትፈልስ በስፍራው ትታው የሄደችው ምን እንደ ሆነ አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል።